የባትሪ ድንጋይ ኩል

ጠዋት የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ሲለኝ ክዳኑን ብከፍተው ባትሪ ድንጋዮቹ ነጭ ዱቄት አውጥተው ከሽቦው ጋር ተጣብቀዋል፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርገው ሽታቸው ሲደርሰኝ ኮምቦልቻ ያለችው ቤቴ ጠፍታብኝ ደሴ ዙሪያ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

አባቴ አራት ድንጋይ የሚበላ ሬድዮ ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ መልሶ ይከተዋል፣ ጭራሽ እንቢ ሲለው ደግሞ ወደ ሽንኩርት መደቡ ዳር ይወረውረዋል፤ ክፉ ነገር ነው ያለን ሰው አልነበረም። እኛ ልጆቹ እየለቀምን እንቀጠቅጠዋለን፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ለሰሌዳ ማጥቆሪያ ስለሚሆን ትምህርት ቤት ብዙ ያመጣ ልጅ ይመሰገን ነበር፣ እኔም ከተመስጋኞቹ አንዷ ነበርኩ።

አሥር ዓመቴ ነው። ጎረቤት ሰርግ በተበላ ማግስት ታናሽ እህቴ ዘሃራ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ፣ «እኔንም ሙሽራ አድርጊኝ» ብላ ለመነችኝ። በእናቴ ሻሽ አከናነብኳትና ኩል ባጣ፣ ያበጠና የረጠበ ድንጋይ ሰብሬ ጥቁሩን በስንደዶ ጫፍ ነክቼ ግራ ዓይኗን ኳልኳት።

«ያቃጥላል፣ እታለም» አለችኝ።

ሙሽሮች ሲኳሉ ዓይናቸው እንደሚያነባ አይቻለሁና «ኩል እንዲህ ነው፣ ቻይው» አልኳት። ቻለችው፤ እስከምትችለው።

ጩኸቷን ሰምታ እናቴ ሮጣ መጣች። ምን እንደቀባኋት ስትጠይቀኝ «ሰርግ ቤት የሰጡኝ ኩል ነው» አልኩ፤ ዱላ ፈርቼ። እናቴም አምናኝ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ አስተኛቻት።

እውነቱን የተናገርኩት በማግስቱ፣ አባቴ አዝሏት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ነው። ሐኪሙ መሬት መሬት እያየ፣ ያኔውኑ በብዙ ውሃ ታጥቦ ቢሆን ሊተርፍ ይችል ነበር አለ። ግራ ዓይኗ ነጭ ለብሶ ቀረ።

አባቴ አልመታኝም። ቤት ሲገባ መደቡን እየቆፈረ ድንጋዮቹን ሁሉ ለቀመና ቆርቆሮ ሞልቶ ግቢው መሃል ቆመ። ወንዙን እንጠጣዋለን፣ መሬቱን እንበላዋለን፣ እሳት ቢያስገባው ይፈነዳል። «ያ አላህ፣ የት ላድርገው?» አለ። እኔም ያንኑ ስጠይቅ አርጅቻለሁ፤ ባለሱቁ መልሶ አይቀበልም፣ ቆሻሻ የምትሰበስበው ልጅ «ለብቻው ቢሰጡኝም እማማ፣ መኪናው ላይ ይቀላቀላል» ትለኛለች፤ ከልጅ እጅ አርቄ ማጠራቀም ብቻ ሥራዬ ሆነ፣ እሱም ደከመኝ።

ዘሃራ ዛሬ ቢስቲማ ከተማ የልጆች እናት ናት። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ባለፈው ኢድ መጥታ አጠገቤ ጋደም እንዳለች ግን «ያን ቀን አምሮብኝ ነበር?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

ፎቶ አልነበረንም። ያንን ሁለት ዓይን ያለው ፊት ደህና አድርገን የምናውቀው አባቴ፣ እናቴና እኔ ነበርን፤ ሁለቱ አልፈዋል፣ እኔም አሁን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው አላገኘውም።