ሦስት አምፖል ያቃጠለው ቤት

ትናንት ከሰዓት፣ ጨርሶ የማላምናቸው አንድ ሽማግሌ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥተው ኮርኒሴን በካራ ሲቀድዱት ቆሜ አየሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መምህር ነኝ፤ ከሚሴ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ሌላ ከተማ ስለሆነ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከስድስት ዓመቷ ልጄ ከፌቨን ጋር ነው የምኖረው። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ አምፖል ነው፤ እሱም ከፌቨን አልጋ በላይ።

ይሄ አምፖል ተቃጠለና ከመንገዱ ማዶ ከጋሽ ይመር ሱቅ አዲስ ገዛሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የሚሸጡት። በሳምንቱ ቦግ አለና ጠፋ።

መለስኩላቸው። እንደሚከራከሩኝ ስለማውቅ የምናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ ተለማምጃለሁ። እሳቸው ግን ጆሯቸው ጋ አድርገው ነቅነቅ አደረጉትና፣ ምንም ሳይሉ አዲስ ሰጡኝ። የተቃጠለውን ደግሞ ጠረጴዛቸው ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጡት። ካርቶኑ ጢም ብሏል... ሁሉም የተቃጠለ አምፖል!

ያለ ክርክር ዕቃ የሚቀይር ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተቃጠለ አምፖል የሚሰበስብስ?

ለጎረቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። «እንጃ አቦ፣ ከፍተው ጠጋግነው እንደ አዲስ የሚሸጡ አሉ ሲባል እሰማለሁ» አለችኝ። በቃ፣ ገባኝ! የሞተውን አምፖል እየቀሰቀሱ ነው የሚሰጡኝ።

ሁለተኛውም ሲቃጠል ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበት ወሰድኩላቸው። ሦስተኛውን ሲሰጡኝ እዛው ፊታቸው አገላበጥኩት። ነጥብ የለውም። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ግን አላመንኩም... ካርቶኑ ውስጥ ስንት አለ!

ሦስተኛው ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። ይዤው ስገባ የጋሽ ይመር ፊት ተለወጠ። ሌላም አልሰጡኝም።

«ሁሉም የተቃጠለው አንድ ቦታ ላይ ነው?»

«አዎ።»

«ቤትሽ የት ነው? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

ክው አልኩ። ከማን ጋር እንደምኖር ማወቅ ለአምፖል ምን ያደርጋል? «ከባለቤቴ ጋር» ብዬ ዋሸሁ። «አሁንም ቤት አለ።»

«ጥሩ፤ እንሂድ» አሉና ሱቃቸውን መዝጋት ጀመሩ። ገበያው በደመቀበት ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሰው ቤት የሚሄድ ነጋዴ... ጭራሽ ፈራሁ።

መንገድ ላይ ለዘይነባ ደወልኩላት። ስንደርስ ፌቨንን እጇን ይዛ በራፍ ላይ ቆማለች። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ጋሽ ይመር ባለቤቴ የት አለ ብለው አልጠየቁም። አምፖሉ ወደሚሰቀልበትም አላዩም። ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ላይ አሸተቱ።

«የምን ሽታ ነው ይሄ?»

«ጎረቤት ላስቲክ ሲያቃጥሉ ይሆናል። አልፎ አልፎ ይሸተናል» አልኩ።

«መቼ መቼ?»

አሰብኩ... ለካ ሁሌም መብራት ስናበራ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ቱሪ» አሉኝ። ልጄ፣ ቆዪ ማለታቸው ነው። ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ እንዳወርድ አዘዙኝ። ከዛ ጠረጴዛውን ጎትተው ወጡበት። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ በካራ ቀደዱት።

አንገታቸውን በቀዳዳው አስገቡ። ቆይተው «ሱብሃነላህ...» ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔም ወጥቼ አየሁ። ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ነበር የተጠቀለለው። በፌስታል! ቀልጦ ጠቁሯል። አጠገቡ ያለው እንጨት ከሰል ሆኗል። ጆንያው ከውስጥ በኩል መዳፍ የሚያህል ተጠብሷል። ቁልቁል ስመለከት ደግሞ የፌቨን ትራስ...

ዘይነባ ናት ደግፋ ያወረደችኝ።

ጋሽ ይመር የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጠው ጣሉ። አዲስ ቀጥለው በጥቁር ናስትሮ እየጠቀለሉ፣ «አንድ አምፖል ሲቃጠል ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ሦስት ሲቃጠል ግን የቤቱ ነው» አሉኝ። «ከማን ጋር እንደምትኖሪ የጠየቅኩሽም ከሥሩ ማን እንደሚተኛ ብዬ ነው።»

አቀረቀርኩ። ግን አመሌ አልለቅ አለኝ። «ካርቶኑስ... ያ ሁሉ የተቃጠለ አምፖል ምን ያደርግልዎታል?»

የጠረጠርኩትን ያወቁ መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። ጨፋ በኩል ከብት አላቸው። አንዲት ላማቸው ሜዳ ላይ የተጣለ የአምፖል ስባሪ ወግቷት እግሯ አመርቅዞ ሞታባቸዋለች። ከዛ ወዲህ ደንበኛ የመለሰላቸውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ አጠራቅመው፣ ጓሯቸው በቆፈሩት ጉድጓድ ይቀብሩታል።

ሲወጡ የፌቨንን ራስ ዳበስ አድርገው «አላህ ያሳድግሽ» አሏት። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ማምሻውን ባቲ የሚኖረው አከራዬ ደወለ። ወሬው ደርሶታል። «ኮርኒሴን በማን ፈቃድ ነው የቀደዳችሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። «ሽቦውን በፌስታል የጠቀለለውስ ማነው?» ስለው ስልኩ ተቋረጠ... ዛሬ ስደውልለት ኔትወርክ ነው አለኝ፤ እኔ ግን አላምነውም።