«ከነትጥቁ ነው» ያልሁበት ጠዋት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ በጾም ቀን የቀመስሁትን ቅቤ ሳይቀር ስናዘዝ ኖሬ፣ ይህችን ግን ዘልያታለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ላንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ መሣሪያዎች ግቢ የስምሪት ኃላፊ ነበርሁ። የትኛው ማሽን በየትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነበርሁ። ዶዘር ሩቅ አገር ሲላክ ሎቤድ በምንለው ዝቅተኛ ተሳቢ ላይ ይጫናል። ሲጫን ክብደቱ መታወቅ አለበት፤ ክብደቱ ደግሞ ጎኑ ላይ በተመታ ቆርቆሮ ተጽፏል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዶዘር ላይ የተጻፈው የባዶው ክብደት ነበር። ከፊት አፈር የሚገፋበት ብረት፣ ከኋላ መሬት የሚሰነጥቅበት ጥርስ፣ ሆዱን የሞላው ናፍጣ አልተቆጠረም። ትጥቅ የምንለው ይህ ሁሉ ሲደመር ሌላ የጭነት መኪና እንደ መደረብ ነው። አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ኮርስ ተልኬ ተምሬዋለሁ፤ ተመልሼም ለሌሎች አስተምሬዋለሁ።

አንድ ቀን አንድ ካድሬ መጣና ዶዘሩ በነጋታው ከይፋግ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የቦይ ሥራ ላይ ካልተገኘ አሻጥር ነው አለን። ያኔ አሻጥር ሰው የምትበላ ቃል ነበረች። በመንገዱ ላይ የእንጨት ድልድይ አለ። ደንቡ ብረቱንና ጥርሱን ፈትቶ ለብቻ ማመላለስ ነበር፤ ይህ ደግሞ ቀን ይፈጃል። እኔ አላስፈታሁም፤ ለሾፌሩም ቆርቆሮው ላይ ያለውን ክብደት ነገርሁት።

ሾፌሩ ሞላ ነበር። ሞላ አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። ያዘዘው ሌላ ኃላፊ ቢሆን ሞላ ተከራክሮ፣ ብረቱን ዞሮ አይቶ፣ ካላመነ አልነሣም ብሎ ነበር። የአበልጅን ቃል መጠራጠር ግን እሱ ባደገበት አገር ነውር ነው። ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አበልጄ፣ ይኸ የነገርኸኝ ክብደት ባዶውን ነው ከነትጥቁ?» አለኝ።

«ከነትጥቁ ነው» አልሁት።

«በል እንግዲያ» ብሎኝ ሄደ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ረዳቱ ይስማው ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በእጁ ይመራው ነበር አሉ። መሐል ላይ ሲደርሱ ድልድዩ ተሰበረ። መኪናውና ዶዘሩ ተያይዘው ወረዱ፤ ይስማው ከሥር ሆነ። ሞላ ክንዱ ተሰብሮ ወጣ። የይስማው ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች።

መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ «የተጻፈውን ክብደት ነው የሰጠሁት» አልሁ። ውሸት አለበት? የለበትም፤ እንዲህ ያለ እውነት ግን ከውሸት ይከፋል። ሞላን አሰሩት። ይስማውን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ሞላን ያሳሰርሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? ሞላም ይፈራ ነበር፣ ይስማውም ይፈራ ነበር፤ በፍርሃታቸው ግን ሰው አልገደሉም። ካነሣሁት አይቀር ይህንንም ልናገር፤ ሞላ ሲታሰር እፎይ አልሁ።

ከሁሉ የሚመርረኝ አንድም ቀን አለመጠርጠሩ ነው። እስር ቤት ስንቅ ሳደርስለት፣ ጎማዬ ከመሐሉ ሳይወጣ አልቀረም፣ ፍጥነትም ሳላበዛ አልቀረሁም እያለ ራሱን ይከስ ነበር። እኔም ተው አበልጄ፣ ያጋጥማል እለው ነበር። ስንቁን ተቀብሎ ይመርቀኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ሲፈታ ዳግመኛ መሪ አልጨብጥም አለ። ነፍስ አጥፍቻለሁ ብሎ ለቄስ ተናዘዘ፣ ቀኖና ተሰጠው። ሱባዔ ሊይዝ ወደ ደቅ ደሴት ሲሻገር ልሸኘው ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ጀልባው ሊነሣ ሲል ዞር አለ።

«አበልጄ፣ የይስማው ደም በኔ ላይ ነው። አንተ እንኳ ይቅር በለኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። ማንም አይሰማንም፤ ካድሬውም ወደ ሌላ አገር ከተቀየረ ቆይቷል። የሚያስፈራኝ ምንም አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አልሁት።

ካህን ይመስል፣ ገዳዩ ንጹሑን ፈታሁት። እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝና ጀልባው ላይ ወጣ። የኔን ኃጢአት ጾመልኝ፣ የኔን ኃጢአት ሰገደልኝ፣ እዚያው ደሴቱ ላይ ሞተ። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይቅርታ የምለምነው ማንን ነው? የሞቱትን? አንተንም አልለምንህም። ይህን አንብበህ ብታዝንልኝ፣ ሞላ የተሸከመልኝን አንተ ደግሞ ልትሸከምልኝ ነው። እባክህ አትዘንልኝ።