የጎን ሰው

አሳየች ያለችበት የጉዞ ማኅበር አንድ ልማድ አለው። ምእመናን ሰብስቦ በየገዳሙ ሲወስድ መኪና ውስጥ ሰው አይቆጥርም። አስተባባሪው ተክሌ በሩ ላይ ይቆምና "የጎናችሁ ሰው አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ወደ ጎኑ ዞር ይልና "አለ"፣ "አለች"፣ "አሉ" ይላል። ዝም ያለ ሰው ካለ መኪናው አይነሣም። ማኅበሩ በዚህ ዓይነት ላሊበላም አክሱምም ደርሶ ሲመለስ አንድ ሰው ጎድሎበት አያውቅም።

አሳየች ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ከሞተ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ቤቱ ይጨንቃት ጀመር። አንዲት ጎረቤቷ "ከሰው ጋር ሂጂ እስቲ" ብላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ጉዞ አስመዘገበቻት። ያን ቀን አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ሎሚ ነበሩ። ገና ሱሉልታን ሳያልፉ ቆሎ ዘግነው ሰጧትና "ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አሏት። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ "እግዜር ያጽናሽ" ብሏት ያልፍ ነበር እንጂ ስለ ሰውዬው የጠየቃት አልነበረም። አሳየች ገዳሙ በር ድረስ ስታወራ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየጉዞው የጎን ሰዎች ሆኑ። ግሸን ሲወጡ አንድ ጊዜ ከሰው ተነጥለው መንገድ ጠፋባቸው። አሳየች ወዲህ ወዲያ ስትል እትዬ ሎሚ ድንጋይ ፈልገው ቁጭ አሉ። "ተቀመጪ አንቺ! የጠፋ ሰው ሲሮጥ ፈላጊውን ያደክማል" አሏት። እውነትም ብዙ ሳይቆዩ ተገኙ።

እትዬ ሎሚ አንድ አመል ነበራቸው። መኪናው መንገድ ሲጀምር ወንበሩን ተደግፈው "እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይታያል?" ይላሉ።

"መስክ ነው" ትላለች አሳየች።

"መስክማ በየአገሩ አለ። ምን ዓይነት መስክ ነው?"

ያኔ አሳየች ዓይኗን ገልጣ ማየት ግድ ይሆንባታል። ጤፉ የት ድረስ እንደታጨደ፣ ወንዙ ምን እንደሚመስል፣ የቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመችው ልጅ ምን እንደያዘች ትነግራቸዋለች። አንገቷን ደፍታ በርበሬ ስትመዝን የኖረች ሴት በእኒህ ሴትዮ ጥያቄ አገሯን ማየት ለመደች። እሷ ግን የመንገድ ማሳጠሪያ ጨዋታ ይመስላት ነበር።

በዘንድሮው ፍልሰታ ማኅበሩ ሩቅ አልሄደም። በሁለት ቅጥቅጥ መኪና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለቅዳሴ ወጣ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው መኪኖቹ ታች ቀሩና ሰው ዳገቱን በእግሩ ያዘው። እትዬ ሎሚ እንደ ልማዳቸው ከኋላ የአሳየችን ትከሻ ይዘዋል። አሳየች ዘንቢላቸውን ተሸክማለች። ሳምንቱን ሙሉ ለጾሙ ገበያ ስትቆም የሰነበተች ሴት ናት፤ እግሯ ዝሏል፣ ሆዷ ባዶ ነው። ጭቃው አንሸራቷት ልትወድቅ ስትል ምላሷን መያዝ አቃታት።

"እትዬ፣ ትከሻዬን እኮ ነቀሉት! እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ከኋላ የሚመጡት ሳቁ። አንዷ "አሳየች ጭነት በዛባት" ስትል ተሰማ። እትዬ ሎሚ እጃቸውን አነሡ።

"እውነትሽን ነው፣ አሳዬ። ለምዶብኝ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ አልያዟትም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጉም ወርዶ ነበር። ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ በአንድ በር ሲፈስ ነጭ በነጭ ሆነ። አሳየች ከኋላዬ ናቸው ብላ ወረደች። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ዞር ስትል ከጎኗ ማንም የለም። "ተቀይመውኛል" አለች በሆዷ። "ከዘማሪዎቹ ጋር በሌላኛው መኪና ገብተዋል።" ተነሥታ እንዳትጠይቅ የጠዋቱ ሳቅ ያዛት።

"የጎናችሁ ሰው አለ?" አለ ተክሌ።

"አሉ" አለች አሳየች።

መኪኖቹ መገናኛ ሲደርሱ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ሁለተኛው መኪና በር ሄደች። ሰው ወርዶ አለቀ። ሾፌሩ በዳዳ መጥረጊያ ይዞ ሲገባ አየችው።

"እትዬ ሎሚስ?" አለችው።

"እዚህ አልገቡም። ያንቺ አይደሉ እንዴ?"

ተክሌ ሰምቶ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አሳየች በያዘችው ዘንቢል ውስጥ ስልክ ጮኸ።

"ቤታቸው የት ነው?" አላት።

"ወሰን መሰለኝ።"

"ወሰን የት?"

አሳየች እኚህ ሴትዮ ባቄላ እንደማይስማማቸው፣ ተቀምጠው ሲተኙ አፋቸው እንደሚከፈት፣ ለየትኛው ቅዱስ ምን ስለት እንዳለባቸው ታውቃለች። የቤታቸውን በር ግን አታውቅም። እሳቸውም የሷን አያውቁም። መኪና ሲቆም "በሰላም ያገናኘን" ይባባላሉ፣ እስከሚቀጥለው ጉዞ በየፊናቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ወዳጅ አለኝ ስትል ኖራ ዛሬ ወዳጇን የት ሄዳ እንደምትጠይቅ አጣች።

ተክሌ ከሴትዮዋ ስልክ ውስጥ የልጃቸውን የሚልኬሳን ቁጥር አግኝቶ ደወለ። ሚልኬሳ የሚኖረው አዳማ ነው። የሆነውን ሲነግረው ድምፁ ጎላ ብሎ ለሁሉም ተሰማ።

"ብቻዋን ነች? እማዬ እኮ አታይም! ጭላንጭል ነው የቀራት፣ ነጭና ጥቁር መለየት ብቻ። እዚያ ጉዞ አትሂጂ ስላት 'አሳየች የምትባል ልጅ አለችኝ፣ በሷ ነው የማየው' ትለኛለች። አሳየች የለችም እንዴ?"

ተክሌ አሳየችን አያት።

በዳዳ መጥረጊያውን ወርውሮ መሪው ላይ ወጣ። "ግቡ" አለ። "ጅብ የሚወርደው ሲጨልም ነው፤ ገና አልጨለመም።"

መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ አሳየች ዘንቢሉን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ትጸልይ ነበር። ጸሎቱ ግን አልያዝ አላት። በመሐሉ ያለፈው ሁሉ እየመጣ ይገባል። "መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብቢልኝ" ያሉበት ቀን። ከመኪና ሲወርዱ እግራቸው መሬቱን የሚፈልግበት አኳኋን። "ምን ዓይነት መስክ ነው?" ሃምሳ ዓመት ኖራ ያፈራችውን ብትቆጥር ከሱቋና ከባሏ ፎቶግራፍ ሌላ እጇ ላይ ያለው ይህ ወዳጅነት ነበር። እሱንም በአንድ "አሉ" ተራራ ላይ ጥላው ወርዳለች። "እመቤቴ ሆይ፣ አንዴ ብቻ መልሽልኝ" አለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጭር ብሏል። የበሩ ዘበኛ አቶ ኤጀታ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል።

"የፈረንሳይ ሰፈር ሰንበቴዎች በጫካው አቋራጭ በእግር ወረዱ" አሉ። "አንዲት እናት ከኋላ ከኋላቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። የነሱ ሰው መስለውኝ ነው።"

አሳየች ገባት። እትዬ ሎሚ በጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ነጠላ አይተው የሷ መስሏቸው ተከትለዋል። ትከሻዋን ቢይዙ ወዲያው ባወቁ ነበር። ግን ዛሬ አይይዙም።

ተክሌ ሮጬ ፈረንሳይ ድረስ ልውረድ አለ። አሳየች እጁን ያዘችው።

"ታች የሉም። እንደተሳሳቱ ያወቁበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል።"

"በምን አወቅሽ?"

"አውቃቸዋለሁ" አለች። ከሰዓታት ወዲህ እርግጠኛ ሆና የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

በባሕር ዛፉ መሐል በተንሸራታቹ መንገድ ወረዱ። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንጫጫ የጠሩት ስም ሁሉ እዚያው ይቀራል። በዳዳ ዱላ ይዞ ከኋላ ይመጣል፤ ቀልዱ ጠፍቶበታል። ጉሙ እየጠቆረ ሄደ። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ሲደርሱ አሳየች ቆመች። ሰንበቴዎቹ የሚሰነባበቱት፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩት እዚህ ነው። የማታውቀውን ድምፅ የሰማች ሴት እዚህ ትቆማለች።

"እትዬ!" አለች።

እንደገና ከፍ አድርጋ ጠራች።

"እትዬ ሎሚ!"

"ማነው?" የሚል ድምፅ ከአንድ የተቆረጠ ግንድ በኩል መጣ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የምትል በዝታለች። አንዷን ተከትዬ ነው እዚህ የደረስኩት።"

አሳየች እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ነጠላቸው ርሷል፣ እጃቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጋቢዋን አውልቃ አለበሰቻቸው። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል ይቅርታ አልነበረም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

እትዬ ሎሚ ጋቢውን ሰብሰብ አደረጉ። "ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር" አሉ። "ያዘነ ሰው መስኩን ሁሉ አሳምሮ ነው የሚናገር። አንቺ ደረቅ ሲሆን ደረቅ ነው ትይኛለሽ።"

"እኔ ግን አሉ ብዬ ጥዬዎት ሄድኩ።"

"ሰማህ?" አሉ እትዬ ሎሚ፣ ወደ ተክሌ ድምፅ ዞረው። "'አሉ' ብያለሁ ነው የምትል። ታዲያ አልነበርኩም እንዴ? እዚሁ ነበርኩ።"

በዳዳ ከኋላ ሳቀ። ተክሌ ለሚልኬሳ ሊደውል ከጫካው ወጣ ወዳለ ቦታ ፈጠነ። አሳየች ግን አልሳቀችም። የሴትዮዋን እጅ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አኖረችው፤ ጣቶቹ ሊነሡ ሲሉ በእጇ ይዛ አስቀረቻቸው። እንዲህ ሆነው ዳገቱን ወጡ።

መኪናው ውስጥ የቆሎው ከረጢት ከዘንቢሉ ወጣ፤ የዕለቱ የጾም ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። በዳዳ ሞተሩን አስነሥቶ "ወዴት ልንዳ?" ሲል እትዬ ሎሚ ወሰን ካለው ጋራዥ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ጋ አሉት። አሳየች በሩን በልቧ ያዘችው። ዛሬ በዚያ በር ትገባለች፤ ነገ ደግሞ የሷንም ደጃፍ እንዲያውቁ ሾላ ይዛቸው ትወርዳለች።

ከተማው ከታች ብቅ አለ።

"እስቲ ንገሪኝ" አሉ እትዬ ሎሚ። "ምን ይታያል?"

"መብራት" አለች አሳየች።

"መብራትማ በየከተማው አለ።"

አሳየች መስኮቱን በነጠላዋ ጠረገችና በደንብ ማየት ጀመረች።