የብር ቀለም የተቀባው ውልብልቢት

ደባርቅ ውስጥ አውሮፕላን እሠራለሁ። የሚበር አይደለም። በድሮ ዘመን የበረሩትን የሚመስል፣ ከክንድ የማይረዝም ሞዴል ነው። አካሉን ከዋንዛ እጠርባለሁ፤ ክንፉን ከሰርዲን ቆርቆሮ እቆርጣለሁ፤ ጎማው ከተጣለ ነጠላ ጫማ ይወጣል። ዋንዛው ከአዲ አርቃይ በጭነት መኪና ይመጣልኛል፤ የእኛ ባሕር ዛፍ ለቢላ አይታዘዝም፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሥራውን ያስተማረኝ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኬ ነው። የሩቅ አገር ሙዚየሞችን ፎቶ እያሰፋሁ ክንፍ ላይ ያለውን ምስማር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። በቀረኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ሁለቱም ሥራዎች እኩል ያበላሉ፤ ማለትም አያበሉም።

የሰፈሬ ሰው ግጥሙን እንደ በሽታ፣ አውሮፕላኑን እንደ ማገገሚያ ያየዋል። አንዲት ጎረቤቴ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «ይኸን ሁሉ ቀን ከምትፈቀፍቅ አንድ በርጩማ ብትሠራ እኮ ሰው ይቀመጥበት ነበር» ብላኛለች። እውነቷን ነው። በርጩማ ግን በሕልሜ መጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሳንቃ በር ላይ የቱሪስት በቅሎ የሚነዳ ጓደኛዬ ቤቴ መጣ። ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ሞዴል አነሣና አፍንጫው ላይ ያለውን ውልብልቢት በጣቱ አሽከረከረው።

«ይኸ እኮ የኛ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ይኸ የሚሽከረከረው። የኛ ግን ከሁለቱ ጆሮዎች አንዱ ብቻ ነው። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል።»

ሳቅሁበት። እሱም እንደማላምነው ሲያይ ሳቀብኝ። በማግስቱ በጠዋት ዳባት ድረስ ተሳፈርኩ፤ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከግቢው መካከል አንድ ያረጀ ጥድ አለ፤ ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለው ነገር ጓደኛዬ እንዳለው ነበር። ጫፉ የተቆለመመ፣ በዝናብና በጭስ የጠቆረ፣ ትክክለኛ የአውሮፕላን ውልብልቢት። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ከደጀ ሰላሙ ተነሥተው መጡ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። ከየት ነህ?»

«ከደባርቅ። ደወሉን ላይ ነው የመጣሁ።»

«ደባርቅ ደወል ጠፋ?» አሉና ከጥዱ ሥር ድቡልቡል ድንጋይ አንሥተው መቱልኝ። ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ካለው ተራራ ተጋጨ፤ ተመልሶም መጣ። ዕድሜ ልኬን አውሮፕላን በዓይኔ ብቻ ነው የማውቀው፤ ያን ዕለት በጆሮዬ ሰማሁት።

አውሮፕላኑን ማን እንደጣለው ግቢው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ጠየቅሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም። በዚያ መንደር አያቱ አውሮፕላን ያልጣለ ሰው የለም። የአንዱ አያት በምንሽር፣ የአንዱ በወንጭፍ፣ የአንዱ ደግሞ በቁጣ ብቻ ጥለውታል። የሁሉም ምስክርነት ቢደመር አንድ ሙሉ የአየር ኃይል ይወጣዋል። ቄሰ ገበዙ ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጡና፣

«ጉም ነው የጣለው» አሉ። «ገደሉን አላየውም። ያኔ ይኸ ደወል አልነበረንም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከመንደሩ እኩሌታው የሚኖረው ከገደሉ ማዶ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ማዶዎቹ የገደሉን አፋፍ ዞረው ለቅዳሴ የሚመጡትም፣ ወደ ቤታቸው የሚመለሱትም ይኸን ድምፅ እየሰሙ ነው። ሲመለሱ ድምፁ ከኋላቸው ከሆነ ደኅና ናቸው፤ በቀኝ በኩል ከመጣ ወደ አፋፉ ተጠግተዋል ማለት ነው። ድሮ በድንጋይ ደወል ጊዜ ድምፁ ከገደሉ ወገብ ላይ ይቀር ነበር። «ሁለት ሰው በልቶብናል» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ገደሉን በአገጫቸው እያሳዩ።

ይኸን ሁሉ ሰምቼ፣ በጥፍሬ ጥላሸቱን ስፍቅ የውልብልቢቱ ሥር ላይ የቀድሞውን ቀለምና ሦስት የቁጥር ምልክቶች አገኘሁ። እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ደባርቅ ተመልሼ፣ ስሙን ለማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቅርሱ ባለበት እንዲጠበቅ፣ ትንሽ ጣሪያ እንዲሠራለት፣ ማንም እንዳይቀባው ለመንኩ። ግጥም የለመደ እጅ ማመልከቻ ሲጽፍ ያበዛል። ኃላፊው የመጀመሪያውን መስመርና ፊርማዬን ብቻ አነበበ።

በሳምንቱ ሲጠራኝ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ተጠርጓል፤ በሩ ላይ «የታሪካዊ አውሮፕላን ሙዚየም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ያለው ሥዕል ሁለት መቶ መንገደኛ የሚጭን የዘመኑ ጄት ነው።

«አንተ ገጣሚው፣ አውሮፕላኑ መቼ ይመጣል?» አለኝ ኃላፊው።

«አውሮፕላን የለም፣ ጌታዬ። አንድ ውልብልቢት ነው ያለው።»

«ሌላው በምዕራፍ ሁለት ይመጣል።»

«እሱም ቢሆን ደወል ነው። ከቦታው ከተነሣ ሰዎቹ በጉም…»

«ሌላ ደወል ይሰጣቸዋል።»

«መቼ?»

«በምዕራፍ ሁለት።»

ክብ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ወደ መንደሩ ሄደ። ኮሚቴውም ተከተለ፤ እኔም መንገድ መሪ ሆኜ አፍሬ ተከተልኩ። የአውሮፕላኑን የነዳጅ ታንክ አንድ ገበሬ ቤት አገኘነው፤ ቀፎ ሆኗል። ገበሬው አልተከራከረም። «እኔ ሰጥቻለሁ። ንቦቹን ደግሞ እናንተ አስፈቅዱ» አለና ከአጥሩ ወጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ኮሚቴው ታንኩን ወደ ምዕራፍ ሁለት አስተላለፈው። የቀረው ደወሉ ነበር።

የመንደሩ ሽማግሎች ማኅተሙን ሲያዩ ተነሥተው ቆሙ። እምቢ ያለ አልነበረም፤ የመንግሥትን ማኅተም እምቢ ማለት አልለመዱም። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። ይረግሙኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን በሰፌድ ቆሎ አቀረቡልኝ።

«ልጄ፣ ግንቦት ተጋምሷል። ጉሙ ሊወርድ ነው። ለማዶዎቹ ምን ልበላቸው?»

ቆሎው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ።

ኃላፊው በበኩሉ ውልብልቢቱን ዞሮ ካየው በኋላ ፊቱን አኮሳተረ። «ይኸ ነው? በጣም አርጅቷል እኮ!»

«ታሪካዊ ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቢሆንም እንግዳ ፊት እንዲህ ሆኖ አይቀርብም። ይታደስ።»

በእኛ አካባቢ ማደስ ማለት መቀባት ነው። የጥንት ግንብ ሲታደስ ይቀባል፤ የዋርካ ግንድ ሳይቀር ለበዓል ወገቡ ድረስ ኖራ ይቀባል። ኃላፊው ከበቅሎው ጭነት አንድ ቆርቆሮ የብር ቀለምና ብሩሽ አስወጥቶ እጄ ላይ አኖረ። ለምርቃቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ንዴቴን መቋጠር አቃተኝ።

«ይኸ ቀለም ከተቀባማ ብረት ይሁን እንጨት ማንም አይለየውም!»

«በጣም ጥሩ» አለ ኃላፊው።

የተናገርኩትን ራሴ መልሼ ሰማሁት። ረጋ ባለ ድምፅ፣ እድሳቱ እዚያው መንደሩ ውስጥ ቢካሄድ እንደሚሻል፣ ሲያልቅም በበቅሎ አስጭኜ እንደማመጣው ተናገርኩ። ኃላፊው ከመሸከም ስለዳነ ደስ አለው።

እንዲህ ሆነና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልኩ ሞዴል ሠራሁ። ከዳባት አንድ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ አመጣሁ። ውልብልቢት ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ግን በየስንዝሩ እየተጠመዘዘ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ከሳትክ መቅዘፊያ ነው የሚሆነው። ቄሰ ገበዙ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ ይዘውልኝ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡ ነበር።

«አባ፣ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

«ምኑ?»

«እንጨቱን ብረት ነው ማለት።»

«አልክ እንዴ?»

«ገና አላልኩም።»

«እንግዲያው ጥረብ። እንጨት መጥረብ የጻድቁ የዮሴፍ ሥራ ነው።»

የተቆለመመውን ጫፍ አቆለመምኩ። ለብዙ ዓመት ድንጋይ የመታውን ስርጉድ በመሮ አወጣሁ። እንዳይቀል ሥሩን ቦርቡሬ ሁለት የተሰበሩ ማረሻዎች ከተትኩበት፤ ያለምንም ጥያቄ የሰጠኝ ያ ባለ ቀፎው ገበሬ ነው። በመጨረሻ የኃላፊውን ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁት። ከጥዱ ሥር አቁሜ ከሩቅ ሳየው በደወሉ ያፈርኩ መሰለኝ፤ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ አውሮፕላን ይመስል ነበር።

የምርቃቱ ዕለት መጋዘኑ ሞላ። የማዳበሪያው ሽታ ገና አልለቀቀም ነበርና ንግግሩ በየመሐሉ በማስነጠስ ይታጀብ ነበር። ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠራኋቸው ትንንሾቹ ሞዴሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ «ቅጂ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። ከመካከል፣ በሲሚንቶ መቆሚያ ላይ፣ «እውነተኛ» የሚል ወረቀት የያዘው ዋንዛ ያበራል። ከዞን የመጡት እንግዳ ሪባን ቆረጡ፤ ተጨበጨበ፤ እንግዳው ዋንዛውን ዞሩትና ቆሙ።

«ደወል ነበር ብላችሁኛል አይደል? እስቲ ድምፁን እንስማው።»

ከኮሚቴው አንዱ በደስታ ሮጦ ድንጋይ አመጣ። እንግዳው መቱ። ጎረቤት በር ሲንኳኳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ኮሚቴው ወደ መንደሩ እንደሚመለስ፣ ጠፍሩም እንደሚቆረጥ ታየኝ። እንግዳው እንደገና መቱ። አሁንም በር።

«ድምፁ የት ሄደ?» አሉ።

ኃላፊው እኔን አየ። ቀጥሎ የሚያብረቀርቀውን ቀለም አየ። ይቀባ ብሎ ያዘዘው ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ከግንባሩ ላይ አነበብኩት።

«ክቡር እንግዳችን» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ድምፁን አጥፍተነዋል።»

«ይጠፋል እንዴ?»

«በባለሙያ ነው ያስጠፋነው» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። እጅ ነሣሁ። እንግዳው ለረጅም ጊዜ አሰቡና፣ ይኸ አሠራር ለሌሎችም ተሞክሮ ሊሆን ይገባል አሉ። ጭብጨባው ሪባኑ ሲቆረጥ ከነበረው ይበልጥ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ ኃላፊው በሩን ዘጋ። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ዋንዛውን ከጀርባው ፋቀው። ፍቅፋቂውን አሸተተ።

«ዋንዛ ነው?»

«ዋንዛ ነው፣ ጌታዬ።»

«እውነተኛውስ?»

«ጥዱ ላይ።»

ወደ ውጭ፣ መኪናው ወደቆመበት አየ። ስለ ጉሙ እንደገና ልነግረው አሰብኩ፤ ግን ሦስት ገጽ ጽፌለት ነበር።

«ይኸን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ፣ ቄሰ ገበዙ፣ መንደሩ በሙሉ።»

«ከመሥሪያ ቤት ማለቴ ነው።»

«እርስዎ ብቻ።»

ጥግ ላይ ከቀረው ቆርቆሮ ብሩሹን ነክሮ የፋቀውን ቦታ በጥንቃቄ ቀባው። «እንግዲያው ማንም አያውቅም» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። የምስጋና ደብዳቤውን በማግስቱ ጻፈ፤ መሥሪያ ቤቱ፣ መንደሩ ታሪካዊ ደወሉን ለሙዚየሙ በማስረከቡ ከልብ ያመሰግናል። ደብዳቤውን የማደርሰው እኔ ነኝ።

የደረስኩት በሰኔ አንድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ሕዝቡን ከጥዱ ሥር ሰበሰቡና አንብብ አሉኝ። በእውነተኛው ደወል ሥር ቆሜ፣ ደወሉ መሄዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የሳቀ የለም። እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ከተው እንደ ወንጌል ሰሙኝ።

«ማኅተም አለው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አለው፣ አባ።»

«እሰይ። እንግዲህ መስጠታችን ተጽፏል። ሁለተኛ የሚጠይቀን የለም።»

ደብዳቤውን አጥፈው ከዳዊታቸው መሐል ከተቱት። ጉሙ በዚያው ቅጽበት ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር፤ መጀመሪያ አጥሩ፣ ቀጥሎ ደጀ ሰላሙ ጠፋ። ማዶዎቹ ተሰነባብተው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ነጩ ውስጥ ገቡ። ቄሰ ገበዙ ድንጋዩን አንሥተው መምታት ጀመሩ፤ መትተው ጆሯቸውን ይሰጣሉ፣ ደግመው ይመታሉ። ሲደክማቸው ድንጋዩን ለእኔ ሰጡኝ።

«እስከ መቼ ልምታ፣ አባ?»

«ገባን እስኪሉ።»

መታሁ። ክንዴ ዛለ፤ እጄን ቀይሬ መታሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከማዶ፣ ከማይታይ ቦታ፣ አንዲት ሴት በረጅሙ «ገባን!» ብላ ተጣራች። ድንጋዩን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ቄሰ ገበዙ ክንዴን ያዙኝ።

«ሌላም ቤት አለ» አሉ።