ለስልኬ የነገርኩትን አማቴ አነበቡት

ቢሮ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ጥንቃቄ የሚሰብክ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። «የፈለጋችሁትን ካገኛችሁ በኋላ የጠየቃችሁትን ከስልካችሁ አጥፉት! እኔ ሁልጊዜ አጠፋለሁ» እያልኩ ባልደረቦቼን አሰለች ነበር። የማጠፋው ስልኬ ላይ የሚታየውን ብቻ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁትም፤ አስተማሪ ነበርኩና።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። መቐለ ለሥራ መጥቼ እዚሁ አገባሁ፤ የምንኖረው ሓድነት ክፍለ ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከዓዲግራት መጡ። ሕክምናው አለቀ፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። ባለቤቴ መዝሙር የሚያዳምጡበት ታብሌት ገዛችላቸውና፣ የራሳቸው አካውንት ስለሌላቸው በእኔ ከፈተችው።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ፣ ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው የመፈለጊያውን ሳጥን ነኩ። ገና አንድ ፊደል ሳይጽፉ የእኔ የድሮ ጥያቄዎች ከሥሩ ተዘረገፉ። በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ ናቸውና ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

«ራሰ በራ… በሽንኩርት… ይድናል ወይ?»

ባለቤቴ ሳቋን ዋጠች።

«የሚያንኮራፋ ሰው… ተኝቶ ይቀራል ወይ?»

አሁን መዋጥ አቃታት። እኔ ሦስተኛውን አይቼ ታብሌቱን ልነጥቅ ተነሣሁ፤ አልደረስኩም።

«አማት… ለእንግድነት ስትመጣ… ስንት ጊዜ ትቆያለች?»

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስልክ ከምትጠይቅ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እስከ ፋሲካ ነው።»

«አደይ» አልኳቸው፤ እናቴ ማለት ነው። «እኔ እኮ… ባህሉን ለማወቅ ብዬ ነው።»

እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ባለቤቴ ስቃ ሲወጣላት አጠገቤ ተቀምጣ የአካውንቱን ገጽ ከፈተችልኝ። ስልኬ ላይ ያጠፋሁት ሁሉ ኩባንያው ዘንድ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተቀምጧል። ደንባቸውንም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ፤ ሰርዙልኝ ካልኩ በኋላ እንኳ አንዳንዱ ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል ይላል። የንስሐ አባቴ ስለ እኔ ይህን ያህል አያውቁም።

እየሳቅን ወደ ኋላ ስናነብ አንድ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ በጦርነቱ ኔትወርክ የተቋረጠበት ጊዜ ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የጻፍኩት «ከመቐለ ዓዲግራት መንገድ ተከፍቷል ወይ?» ይላል። ያን ጊዜ አማቴ በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን አናውቅም ነበር። መጠየቄንም ረስቼው ነበር።

ባለቤቴ ሳቋ ቆመ። ታብሌቱን ወስዳ ለእናቷ ሰጠቻቸው። ይህንንም ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ደግመው፣ በቀስታ።

«በል ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉኝ።

በማግስቱ የራሳቸውን አካውንት ከፈትኩላቸው። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ላይ ስንደርስ ግን ታብሌቱን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ «አንተ ፊትህን አዙር» አሉኝ።