የሙሽራ መኪና ማስያዣ

ይሄን ስሙኝማ። ለወንድሜ ሰርግ ዊንጌት ጋ የሙሽራ መኪና ልከራይ ሄድኩ። አከራዩ ማስያዣ የቤት ካርታ ካላመጣህ አለኝ። "አታስብ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው" ሲለኝ፣ እኔ ጅሉ፣ ለእናቴ ሳልነግራት የቤቷን ካርታ ከሳጥኗ ወስጄ ሰጠሁት።

መኪናዋን ምንም ሳትጋጭ መለስኳት። ግን አበባው የተለጠፈበት ፕላስተር ሲነሳ የኮፈኑን ቀለም ይዞት መጣ።

"አስቀባና ካርታህን ውሰድ" አለኝ።

"ኢንሹራንሱስ?"

"እሱማ ለግጭት ነው ወንድሜ፣ አበባ አይሸፍንም።"

ይኸው እናቴ ሳጥኗን በከፈተች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። እናንተ የሙሽራ መኪና አከራዮች፣ እስቲ ንገሩኝ፣ መኪናችሁ ያለ አበባ የወጣበት ሰርግ አለ እንዴ? ታዲያ ሙሉ የምትሉት ምኑን ነው?