የጎበዜ ድርብ ክራንቻ

እናቴን ጥሩአየሁን ክፉ አፍ አላት ይሏታል። ይበሉ! አፏን የሚፈሩት ሁሉ የራሳቸውን አፍ ከፍተው እፊቷ ተቀምጠዋል፤ በዚያ ዘመን መቱ ከተማ ላይ ጥርስ ነቃይ እሷ ብቻ ነበረች። ከቡሬና ከዳሪሙ ሳይቀር ጉንጩ ያበጠ ሰው በበቅሎ ይመጣላት ነበር። መሣሪያዋ ቀጥቃጭ የሠራላት አንዲት ጉጠት ናት፤ የምንኖረውም በዚያችው ነበር።

ውሻችን ጎበዜ የመጣው ከጎሬ ነው። አንድ የግሪክ ነጋዴ አገሩ ሲገባ ትቶት ሄደ፤ አጎቴ ወልደ ማርያም በጋቢው ጠቅልሎ አመጣልን። ቁመቱ ከድመት አይበልጥም፤ እናቴ ግን ጎበዜ አለችው። በሰፈራችን ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ እቤት አይገባም። ይኼ ግን መደብ ላይ ይተኛ ጀመር። ሰው ጉድ አለ፤ እሷ ምን ቆርጧት ትሰማለች።

በስምንት ወሩ ጎበዜ መብላት ተወ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አጥንት ሲሰጡት እያላዘነ ይሸሻል። ጎረቤታችን አበባየሁ አይታ አበደ አለች። ወሬው በአማርኛም በኦሮምኛም ገበያውን አዳረሰ። ወዲያው የሰፈሩ ጭቃ ሹም ጋሼ ፈንታሁን ዱላ የያዙ ሰዎች አስከትለው መጡ፤ ሶር ወንዝ ዳር ወስደን እንገድለዋለን አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው አሟሟቱን ሁላችንም አይተናል።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። በጠዋት የሰጠሁትን ውሃ ልሶ ጨርሷል፣ ያበደ ውሻ ውሃ ይጠጣል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሲያጉረመርሙባት ጎበዜን ታቅፋ ወጣችና ከንፈሩን ገለጠች። የወተት ክራንቻው ሳይወልቅ አዲሱ አጠገቡ በቅሏል፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት። በመሃላቸው የተሰነቀረው ምግብ ገምቶ ድዱን አቁስሎታል። ሰዎቹ አማተቡ፤ አንዱ የሰይጣን ምልክት ነው አለ።

«የልጅህ ጥርስ እንዲሁ ሲደረብ የነቀልኩለት እኔ ነኝ» አለችው። «ያን ጊዜ ሰይጣን አላልከውም።»

ጉጠቷን ስታነሳ ጋሼ ፈንታሁን ፊታቸው ተለወጠ። ውሻ አፍ ለገባ ብረት ከእንግዲህ ክርስቲያን አፉን አይከፍትልሽም አሉ። እማዬ፣ ተይ፣ ምን ልንበላ ነው ብዬ በጆሮዋ ለመንኳት።

«ያዢው» አለችኝ።

ያዝኩት። የወተት ጥርሱ ሥሩ ረጅም ነው፤ ተሰብሮ እንዳይቀር ቀስ እያለች ነቀነቀችው። የግራው ቶሎ ወጣ። የቀኙ ላብ በላብ አደረጋት። ጎበዜ አለቀሰ፣ እላዬ ላይ ሸናብኝ፤ አፉን ግን በእጇ ላይ አልዘጋም። ድዱን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበችለት። በነጋታው ገንፎ በላ፤ ባለዱላዎቹም ሁለተኛ አልመጡም።

ግን ጭቃ ሹሙ እንዳሉት ሆነ። አምስት ወር ሙሉ ደጃችንን የረገጠ በሽተኛ የለም። ጥጥ ፈትለን፣ ጎደሬ በልተን ከረምን። እሷ እቴ! ሌላው ሰው በሚሸማቀቅበት እሷ እልህ ይብስባታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው በሚያልፍበት ሰዓት ደጃፍ ተቀምጣ የጎበዜን ጥርስ በመፋቂያ ታሽለት ነበር። እኔ በሃፍረት ጓዳ እገባለሁ።

በመጨረሻ ጋሼ ፈንታሁን ለሽምግልና መጡ። ሰዉ በጥርስ ሕመም አለቀ፤ ውሻውን ለሌላ ስጪ፣ ጉጠቷን ወንዝ ጣያት፣ አዲስ እናሠራልሻለን፣ ሁሉም ይመለስልሻል አሏት። ደግ ነገር ነበር። እሺ በይ እያልኩ በዓይኔ ተለማመጥኳት።

ጎበዜ እግሯ ሥር ተኝቷል። እናቴ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጠባሳ የሞላባቸውን ጣቶቿን አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት እጄን እናንተ አፍ ውስጥ ስከት ኖርኩ» አለች። «ያልነከሰኝ ይኼ ብቻ ነው።»